ጀፎረን ወደ ወንዙ ዳር

(የመግቢያ ሙዚቃ። ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ከአዘጋጁ ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

አዘጋጅ፦ ወልቂጤም ሆናችሁ ቡታጅራ፣ ጉብሬም ሆናችሁ ቡኢ፣ ሱቅ ከፍታችሁ የምትሰሙን፣ ቡና አቀራርባችሁ የተቀመጣችሁ፣ መንገድ ላይ ሆናችሁ በመኪና ሬዲዮ የምትከታተሉን ሁሉ፣ እስቲ ስሙኝ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ወንዝ ዳር መናፈሻ ነው። ስለ አበባውና ስለ አግዳሚ ወንበሩ ግን ብዙ አላወራም። አበባ መትከል ቀላል ነው። ሪባን መቁረጥ ደግሞ ከዚያም ይቀልላል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማን ይጠብቀዋል? ሊወስደው የሚመጣ ሲኖርስ ማን ይከራከርለታል? የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። በከተማችሁ የሚያልፈውን ጅረት አስቡት። ግራና ቀኝ ያለው መሬት የማን ነው? ጮክ ብላችሁ መልሱልኝ፤ ጎረቤት ቢሰማም ግድ የለም።

(አጭር ዝምታ)

«የመንግሥት ነው» ያላችሁ ትኖራላችሁ። «የማዘጋጃ ቤቱ ነው» ያላችሁም አላችሁ። «ኧረ የማንም አይደለም» ያላችሁ ግን ሳትበዙ አትቀሩም።

ይህችን የመጨረሻዋን መልስ ያዙልኝ። የማንም አይደለም የተባለ ቦታ ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ የሰፈሩ ቆሻሻ ይደፋበታል። የጫት ገረባ ይጣልበታል፤ ባዶ ሃይላንድና ፌስታል ይከማችበታል። የሽንት ቤት ትቦ በሌሊት ይለቀቅበታል። ከዚያ አጥር ይመጣል። አጥሩ በየዓመቱ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ውሃው ይጠጋል። በመጨረሻ ወንዝ የነበረው በሁለት ቆርቆሮ አጥር መሐል የሚሹለከለክ ቦይ ይሆናል። ያኔ «እዚህ መናፈሻ ይሠራልን» ብሎ ለመጠየቅም ጊዜው አልፏል።

(የሚፈስ ውሃ ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ለመሆኑ ይህ ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?

የጉራጌን ተራሮች አስቡ። ዘቢዳር ወደ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ዝናብ እዚያ አናት ላይ ሲጥል ውሃው መንገድ ይለያያል። ወደ ምዕራብ የወረደው በዋቤና በመሰሎቹ ወንዞች አድርጎ ጊቤ ይገባል። ጊቤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ኦሞ ይባላል፤ መንገዱ ላይ የጊቤ ሦስትን ግድብ ይሞላል፤ ማረፊያው ቱርካና ሐይቅ ነው። ወደ ምሥራቅ የወረደው ደግሞ የመስቃንን ሜዳ አቋርጦ በመቂ ወንዝ በኩል ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል።

ስለዚህ ወልቂጤ ላይ ጅረት ውስጥ የተጣለ ፌስታል ጉዞው ወደ ጊቤ ነው። ቡታጅራ ላይ የተጣለው ደግሞ ዓሣ አስጋሪውና አትክልት አልሚው ወደሚኖሩበት ወደ ዝዋይ። ወደ አንድ ተራራ የሚያዩ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ ውሃቸው ግን ጀርባ ተሰጣጥቶ ነው የሚሄደው። የሁለቱ ከተሞች ሰው ታች ያለውን ሰው ላያየው ይችላል፤ ታች ያለው ሰው ግን የእነሱን ፌስታል ያየዋል።

አሁን ደግሞ ክረምቱን አስቡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከተራራ ግርጌ ያለ ከተማ ምን እንደሚገጥመው ለቡታጅራ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከላይ የዘነበው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ወንዙ በበጋ የማይፈልገውን ስፋት በክረምት ይፈልገዋል። ያንን ስፋት አጥር ከያዘው፣ ውሃው የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ቤት ነው።

መናፈሻ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ወንዝ ዳር ያለ ሣርና ዛፍ ለሰው መንሸራሸሪያ ብቻ አይደለም፤ ለወንዙ የተተወለት የክረምት ቦታ ነው። ለጥቂት ሰዓት ውሃ የተኛበት ሣር በማግስቱ ፀሐይ ይደርቃል። ውሃ የተኛበት ቤት ግን ፍራሹም፣ እህሉም፣ የልጆቹ ደብተርም አብሮ ይሄዳል። እደግመዋለሁ፤ ወንዝ ዳር ክፍት ቦታ መተው ቅንጦት አይደለም። ቤት ያድናል።

(የጉራጌ ዜማ በመሣሪያ ብቻ፤ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

አሁን ወደ ገጠር ልውሰዳችሁ። ሩቅ አይደለም። ከወልቂጤ ወደ እምድብር መስመር ወጣ እንበል።

ምን ይታያችኋል? ጎጆ ቤቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከየቤቱ ጀርባ እንሰት አለ። በሁለቱ ረድፍ መሐል ደግሞ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ከመንደር መንደር ይዘረጋል። ጀፎረ ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ሰው ጀፎረን እዚህ ላይ ላብራራልህ ብለው እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። ለማያውቁት አድማጮች ስል ግን ታገሡኝ።

ጀፎረ ላይ ምን ይደረጋል? ሰው ይሄድበታል፤ ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ፈረስ ይጋለብበታል። ሙሽራ በእልልታ ይታጀብበታል፤ ሞት ሲመጣም ለቅሶው እዚያው ነው። የመስቀል ደመራ ይለኮስበታል። ነገር የገባቸው ሰዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይዳኙበታል።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ይህ ሁሉ ሰው የሚጠቀምበት ሜዳ ዘበኛ አለው?

(አጭር ዝምታ)

የለውም። አጥርስ? የለውም። ትኬት ቆራጭስ? ኧረ በጭራሽ። ታዲያ ይህን ለም መሬት እስካሁን ማን አቆየው? መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር፣ አንድ ጥማድ እንሰት ሊተከልበት የሚችል ሜዳ እንዴት ለትውልዶች ሳይታረስ ኖረ?

ያቆየው ቂጫ ወይም ሴራ የሚባለው የባህል ሕግ ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ የየጆካ ቂጫ አለ። በክስታኔ የጎርደና ሴራ አለ። መስቃንም የራሱ ሴራ አለው። አንድ ሰው አጥሩን ወደ ጀፎረው ቢገፋ ጎረቤቱ አይቶ ዝም አይልም። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ድንበሩ በምስክር ይነገራል፤ ገፍቶ የተገኘው አጥሩን ይመልሳል፤ ይካሳል። እምቢ ያለ ደግሞ ከማኅበራዊ ኑሮው ይገለላል። ለቅሶ ሲደርስበት ብቻውን የሚቀርን ሰው አስቡት። ከዚህ የከፋ ቅጣት ገጠር ውስጥ የለም።

ልብ በሉ አድማጮቼ። የጀፎረ ድንበሩ ይታወቃል። ሕጉ ይታወቃል። የሚዳኘውም ሰው ይታወቃል። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። ድንበር ኖሮ ዳኛ ከሌለ ድንበሩ ይገፋል፤ ዳኛ ኖሮ ድንበሩ ካልታወቀ ዳኛው ምን ብሎ ይፈርዳል?

ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። ዛሬ ጀፎረ ራሱ እፎይ አላለም። አንዳንድ ቦታ አጥር ገፍቶታል፤ አንዳንድ ቦታ ባሕር ዛፍ ገብቶበታል፤ ሌላ ቦታ የመኪና ጎማ ሣሩን አፈር አድርጎታል። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ፣ የሽማግሌ ቃል ሲላላ፣ ጀፎረም ይጠብባል። ይህ ራሱ ትምህርት ነው። አረንጓዴው ሜዳ የሚኖረው ሕጉ እስከኖረ ድረስ ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

«ገጠሩ ሌላ፣ ከተማው ሌላ» የሚል አድማጭ ይኖራል። ልክ ነው። ከተማ ውስጥ ጎረቤትህ ከየት እንደመጣ ላታውቅ ትችላለህ። የመሬቱ ዋጋም ሰውን ያስጎመጃል። ሽማግሌ ደግሞ የከተማን መሪ ፕላን አይሽርም። ጀፎረን እንዳለ ገልብጠን ከተማ ላይ እንለጥፈው አላልኩም።

ግን ከተማ ውስጥ ሽማግሌውን የሚተካ ምን አለ? አለ እኮ! እድር አለ። እድር ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው። መዝገብ አለው። የቀረ የሚቀጣበት ደንብ አለው። ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ነጋዴውንም የቀን ሠራተኛውንም በአንድ ድንኳን ሥር የሚያስቀምጥ እንደ እድር ያለ ማኅበር የለም። እድር አዲስ አበባ ውስጥ ሲጀመር ከጀማሪዎቹ ግንባር ቀደም የጉራጌ ተወላጆች እንደነበሩ ብዙ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ለሞት የተቋቋመ ማኅበር ነው ብላችሁ አትናቁት። ለሞት የሚነሳ ሰው ለጎርፍም ይነሳል።

እስቲ ይህን አጭር ጭውውት ስሙ።

(የባጃጅ ሞተር ድምፅ፤ ይጠፋል። የውሃ መንቦጫረቅ)

እናት፦ አንተ ልጅ! ባጃጅህን ውሃው መሐል ያቆምከው ምን ሆነህ ነው?

ወጣት፦ ላጥባት ነው እማማ። አሁን እወጣለሁ።

እናት፦ ያን ጥቁር ነገር ታየዋለህ? ዘይት እኮ ነው።

ወጣት፦ ውሃ አይደል? ይወስደዋል።

እናት፦ ወዴት ነው የሚወስደው?

ወጣት፦ ወደ ታች ነዋ።

እናት፦ ታች ማን አለ?

ወጣት፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) የአክስቴ ቤት አለ።

እናት፦ ታዲያ አክስትህ ልብሷን የምታጥበው በምን ይመስልሃል?

ወጣት፦ እሺ እማማ፣ ገብቶኛል። ግን ላቫጆ ብሄድ ያስከፍሉኛል። የባለቤቱን ገቢ ካስረከብኩ በኋላ ምን ይተርፈኛል? እዚህ ነፃ ነው።

እናት፦ እሱስ እውነትህን ነው። ቆይ፣ ሌሎቹም ባጃጆች እዚሁ ነው የሚታጠቡት?

ወጣት፦ ሁሉም። የት እንጠብ ታዲያ?

እናት፦ እሑድ እድራችን ይሰበሰባል፤ ና። ከውሃው ራቅ ያለ ማጠቢያ ቦታ እንዲሰጣችሁ አብረን ማመልከቻ እናስገባለን። እናንተ ደግሞ ይህን ዳርቻ ትጠብቁልናላችሁ።

ወጣት፦ እኔ እኮ የእድር አባል አይደለሁም።

እናት፦ ውሃው ውስጥ ስትገባ አባል ነኝ ወይ ብለህ ነበር?

(ሳቅ። የባጃጅ ሞተር ተነሥቶ ይርቃል)

አዘጋጅ፦ ከዚህ ጭውውት ትልቁን ነገር የተናገረው ማነው? እኔ ልጁ ነው እላለሁ። «የት እንጠብ ታዲያ?» አለ። ብዙ ከተሞች ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ነው «ማጠብ ክልክል ነው» የሚል ታፔላ የሚተክሉት። ታፔላው ይዝጋል፤ ልጁ ግን ያጥባል። እንጀራው ነዋ!

ወንዝ ዳር የሚውሉትን ቁጠሯቸው። ባጃጅ የሚያጥበው አለ። ልብስ የምታጥበው እናት አለች። አሸዋ የሚያወጣው አለ። ከብት የሚያጠጣው አለ። ፕላስቲክ የሚለቅመው ቆራሌ አለ። እነዚህን አባሮ የሚሠራ መናፈሻ ጠላት ይዞ ይወለዳል። ቦታ ሰጥቶ፣ ደንብ አስገብቶ፣ ኃላፊነት ያካፈላቸው ግን ቀን ከሌት እዚያው የሚውል ጠባቂ ያገኛል። ያውም የሰፈሩን ሰው በስም የሚያውቅ ጠባቂ።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አሁን አዲስ አበባን እንይ። ትልቁ የወንዝ ዳር ሥራ እዚያ ነውና።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን፣ ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ታቅዶ ነበር። ያኔ የተነገረው ወጪ 29 ቢሊዮን ብር ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ገበታ ለሸገር የተባለ የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ተዘጋጀ፤ የአንድ ሰው መቀመጫ አምስት ሚሊዮን ብር። ወዳጅነት ፓርክ በ2012 ጳጉሜን ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ፤ ወንዝ ዳርም ገባ፤ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፋ።

በእኔ ዓይን ከዚህ ሁሉ ትልቁ ለውጥ ሐውልቱም ፏፏቴውም አይደለም። ወንዝ የቤት ጓሮ መሆኑ ቀርቶ የከተማ ፊት ሊሆን እንደሚችል ሰው በዓይኑ ማየቱ ነው። ድሮ ቤት ስንሠራ ጀርባችንን ለወንዙ እንሰጣለን። ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል፣ ኩሽናው በዚያ በኩል። አሁን ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ቀላል ነገር አይደለም።

ትምህርቱን ግን ሙሉውን እንውሰድ። ወንዝ ዳር ስላማረ ወንዙ አይጸዳም። ከላይ ፋብሪካና ሽንት ቤት እየለቀቁበት ታች አበባ ብትተክሉ፣ መናፈሻው አፍንጫ ይዘው የሚንሸራሸሩበት ይሆናል። ለዚህም ነው አዲስ አበባ በ2017 የወንዝ ዳርቻ ልማትና የብክለት መከላከል ደንብ አውጥታ ወንዝ የሚበክለውን በገንዘብ መቅጣት የጀመረችው። ጽዳቱ የሚጀመረው ከላይኛው ትቦ ነው። ሌላው ነገር ከወንዝ ዳር የተነሡት ነዋሪዎች ናቸው። ወንዝ ዳር የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ያጣ ሰው ነው። መናፈሻ ሲታቀድ መጀመሪያ መነጋገር ያለብን ከእሱ ጋር ነው። በመጨረሻ ደብዳቤ ብቻ የሚደርሰው ሰው መሆን የለበትም።

እዚህ ላይ ወልቂጤና ቡታጅራ አዲስ አበባ የሌላት ዕድል አላቸው። ምን መሰላችሁ? ትንሽነታቸው። ጅረቱን ከላይ እስከ ታች በአንድ ጠዋት በእግር መጨረስ ይቻላል። የትኛው ትቦ የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ለበካዩ ሰው ሽማግሌ መላክ ይቻላል፤ ምክንያቱም ሽማግሌዎቹ አባቱንም ያውቁታል። አምስት ሚሊዮን ብር የሚከፍል እራት በላተኛ ላይገኝ ይችላል። ግን ጠዋት ማጭድና አካፋ ይዞ የሚወጣ ሰው ይገኛል።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

እሺ፣ ሽማግሌ ተላከ እንበል። ሰውዬው ግን «መብቴ ነው» አለ። ወይም አንድ ድርጅት መናፈሻ የተባለውን ቦታ በሊዝ ወሰድኩ ብሎ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ምን ይደረጋል? ሕጉ ምን ይላል?

ይህን ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ ወረቀት ያላችሁ ጻፉት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። እዚያው አንቀጽ ላይ በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከቦታው የሚነሣ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ እንዲያገኝም ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚነካችሁ የአካባቢ ዕቅድ ሲወጣ አስተያየታችሁን የመስጠት መብት ይሰጣችኋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ስለዚህ መሪ ፕላኑን ማየት እፈልጋለሁ ብሎ ማዘጋጃ ቤት የሚሄድ ሰው ችግር ፈጣሪ አይደለም። ዜጋ ነው።

አንድ ልጨምር። ይህችኛዋ በጣም ጠቃሚ ናት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ አንቀጽ 11። ወንዝ የሚበክል ሰው ወይም ድርጅት ካያችሁ፣ እናንተን በግል ባይነካችሁም አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ ይላል። መሬቱ የእኔ ነው ማለት አይጠበቅባችሁም። «አንተ ምን አገባህ?» የሚላችሁ ካለ፣ አዋጁ ያገባሃል ብሏል በሉት። አቤቱታው የሚገባው ለክልሉ ወይም ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኛችሁ ወይም በውሳኔው ካልረካችሁ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። እደግመዋለሁ። ማንኛውም ሰው አቤት ማለት ይችላል። 30 ቀን መጠበቅ፤ ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት።

ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ ነገር አይደለም፤ የሞከሩት አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ በሚል አጠራሩ የሚታወቅ የባለሙያዎች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ነበር። ተሸነፈ። ሕጉ የሚፈቅደው በካዩን መክሰስ ነው እንጂ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት አይደለም ተባለ። ይግባኙም አልተሳካም። እኔ በውሳኔው ብዙም አልተደሰትኩም፤ ተቆጣጣሪ ካልተቆጣጠረ ማን ይጠየቃል? ለእኛ ግን ተግባራዊ ትምህርት ትቷል። አቤቱታ ስትጽፉ በደፈናው «ወንዛችን ተበከለ» ብላችሁ አትተዉት። ማን፣ የት ቦታ፣ በምን፣ ከመቼ ጀምሮ። ትቦውን ፎቶ አንሡት። ቀኑን ጻፉ።

ደብዳቤውን ደግሞ በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ። መዝገብ ቤት ይግባ፤ ቁጥርና ቀን ይውጣለት፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር። ግልባጭ ለሚመለከታቸው ሁሉ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልደረሰንም ሊባል ይችላል። ቁጥር ያለው ደብዳቤ ግን የሚሸሽበት የለውም።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

«ደብዳቤ ምን ያመጣል?» የሚል አለ? እንግዲህ ወደ ናይሮቢ ልሻገር።

እ.ኤ.አ. በ1989 የኬንያ መንግሥት በናይሮቢ መሐል በሚገኘው ኡሁሩ ፓርክ ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊያቆም ተነሣ። ዋንጋሪ ማታይ የምትባል፣ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን የመሠረተች ምሁር ተቃወመች። ብዕር አነሣች። ለሚኒስቴሮች ጻፈች፤ ለከተማው አስተዳደር ጻፈች፤ በውጭ አገር ላሉ ገንዘብ አበዳሪዎች ጻፈች። ፓርላማ ውስጥ ተሳለቁባት። እሷ ግን መጻፏን አላቆመችም። በመጨረሻ ባለገንዘቦቹ ሸሹ፤ ሕንፃውም ቀረ። ፓርኩ ዛሬም አለ። ዋንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

እናንተ ኖቤል ላትፈልጉ ትችላላችሁ። የምትፈልጉት የሰፈራችሁ ዳርቻ እንዳይታጠር ነው። መሣሪያው ግን አንድ ነው፤ ወረቀት፣ ማኅተምና ትዕግሥት።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

ስለ ገንዘብም ሳላነሣ ባልፍ አልወድም። መናፈሻ ከሚሠራበት ገንዘብ ይልቅ የሚጠበቅበት ገንዘብ ነው የሚጠፋው። ለምረቃው ድንኳን ይከራያል፤ በሦስተኛው ወር ለአትክልተኛው ደመወዝ የለም። ችግኙ ይደርቃል፤ ዓመት ሳይሞላው ፍየል ይገባበታል።

ይህን የምነግረው ግን ለማን ነው? ከየገቢው አዋጥቶ መንገድ ላሠራ ሕዝብ! በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ይነግዱ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አሰባስበው፣ ከመንግሥት ጋር ተጋግዘው መንገድ እስከ አገራቸው አስገብተዋል። ከዓለም ገና ተነሥቶ ቡታጅራን አቋርጦ ወላይታ ሶዶ የሚገባው መንገድም የጉራጌና የጎረቤቶቹ ሕዝቦች መዋጮ አለበት። ያ ትውልድ ዶማና ሳንቲም ይዞ ነው የተነሣው። የወንዝ ዳር መናፈሻ ከዚያ መንገድ ጋር ሲነጻጸር ምን አላት?

ጊዜውም አስቸጋሪ አይደለም። ለመስቀል አገር ቤት የማይገባ ማነው? ለአረፋስ? ከአዲስ አበባም፣ ከውጭ አገርም ሰው ይመጣል፤ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ኪስም ይላላል። ያኔ እድሩ ሣጥን ቢያዘጋጅ፣ ዓላማውም «የጠባቂ የዓመት ደመወዝ፣ የማጭድና የአካፋ መግዣ» ተብሎ ቢጻፍ፣ መስጠት የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚሰጥ ያውቃል። ሒሳቡ ደግሞ በሚቀጥለው መስቀል ወይም አረፋ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ያልተነበበ ሒሳብ የሚቀጥለውን ዓመት መዋጮ ይገድላል።

ስለምንተክለው ነገር ባጭሩ። ባሕር ዛፍ ወንዝ ዳር አትትከሉ፤ ውሃውን ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር አያበቅልም። ዳርቻውን አፈር እንዳይበላው ደሾና ቬቲቨር ሣር ይይዙታል። ጥላ ለሚፈልግ ሾላና ዋንዛ አለ፤ ቀርከሃም አገሩ ነው። ጥቂት ተክላችሁ ብዙ ተንከባከቡ። በየክረምቱ አንድ ጉድጓድ ደጋግሞ መቆፈር አረንጓዴ አሻራ አይባልም።

ፌስታልን በተመለከተ ደግሞ በ2017 በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ መሠረት ፌስታል መያዝ ራሱ በገንዘብ ያስቀጣል። ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ያዙ። የቡታጅራ ገበያ ከፌስታል በፊትም ገበያ ነበር፤ የማረቆ በርበሬም በጆንያ ነው የሚሸጠው።

(የማጠቃለያ ሙዚቃ በቀስታ ይጀምራል)

አድማጮቼ፣ ከመሰናበታችን በፊት የቤት ሥራ አለኝ።

በዚህ ሳምንት ከየሰፈሩ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «በእኛ ሰፈር የሚያልፈው ወንዝ ዳርቻ በመሪ ፕላኑ ላይ ምን ተብሎ ነው የተቀመጠው?» አረንጓዴ ቦታ ነው ከተባላችሁ፣ ድንበሩ ከየት እስከ የት እንደሆነ አሳዩን በሉ። ባለሙያ ወርዶ ችካል እንዲተክል በጽሑፍ ጠይቁ። ችካሉ ሲተከል ወንዝ ዳር የሚኖሩት፣ ባጃጅ አጣቢዎቹና የእድሩ ዳኛ እዚያው ቆመው ይዩት። አረንጓዴ አይደለም ከተባላችሁ ደግሞ ማመልከቻችሁን በዚያው ሳምንት መዝገብ ቤት አስገቡ።

ያገኛችሁትን መልስ፣ ደስ የሚለውንም የማያስደስተውንም፣ ጻፉልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናነበዋለን። እሑድ የእድር ስብሰባ ያላችሁ ደግሞ ጉዳዩን አጀንዳ አድርጉት፤ ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ያስፍረው። ክረምት ሳይገባ ጀምሩ።



(የማጠቃለያ ሙዚቃ ከፍ ይላል)